ላይ ቤት ውኃ ሲወርድ፦ የአቶ ኦይገን ሾይፈለ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦይገን ሾይፈለ ከአባታቸው ከአቶ ጎትሂልፍ ሾይፈለ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፓውሊነ፣ በደቡብ ጀርመን በሽዋብ ደጋ በሂርሽሃልደ መንደር እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1948 ተወለዱ። አባታቸው በሹራብ ፋብሪካው መካኒክ፣ እናታቸው በዚያው ፋብሪካ ክር አጠንጣኝ ነበሩ። አቶ ኦይገን የቤቱ በኩር ሲሆኑ፣ ከአራት ዓመት በኋላ እህታቸው ወይዘሮ ዲትሊንደ ተከተሏቸው። ከሁለቱ ሌላ ልጅ በቤቱ አልተወለደም። በልጅነታቸው እህታቸውን በእጅ ጋሪ እየገፉ በመንደሩ ያዞሩ ነበር፤ አንድ ቀን ጋሪውን ከነእህታቸው ቦይ ውስጥ እንደ ከተቱት ወይዘሮ ዲትሊንደ እስከ ዛሬ አልረሱም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው በ1963 አጠናቀቁ። ወዲያውም በመንደሩ ኤሌክትሪሻን ዘንድ ለሙያ ተቀጠሩና በ1967 የሙያ ማረጋገጫቸውን አገኙ። የውትድርና ግዴታቸውን ከተወጡ በኋላ፣ በ1971 ቆላው ከተማ ውስጥ በሚገኝ የቤት ዕቃ ጥገና ድርጅት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው ድረስ በዚያው አገለገሉ። ሲጀምሩ በዚህ ደጋ የእቃ ማጠቢያ ማሽን የነበራቸው ሐኪሙና የፋብሪካው ባለቤት ብቻ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ማሽን የሌለው ቤት መፈለግ የሚያስቸግር ሆኖ ነበር።

ደጋችን የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውኃው ማንቆርቆሪያውን በአንድ ወር ነጭ ካባ ያለብሰዋል። ማሽኑም የውኃውን ኖራ የሚያለዝብ ጨው ካልበላ ብርጭቆውን ሁሉ ጉም ያስመስለዋል። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚባለው በዚህ አገር ስለ ማሽን ሳይነገር አልቀረም። አቶ ኦይገን ወደ አንድ ማእድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ብልሽቱን ሳይሆን ጨዉን ነበር። ከዚያ ተንበርክከው ማጣሪያውን አውጥተው በባለቤቲቱ አፍንጫ ሥር ይይዙታል። «እመቤቴ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ይህን ግን ከገና ጀምሮ ያየው ሰው የለም» ይላሉ። በቁጣ አይደለም። አንዲት ሴትዮ «ቢያንስ ውጪው ያብረቀርቃል ይበሉኝ» ብትላቸው «አልተቆጣሁም እኮ፤ በኛ አገር ካልተቆጡ አመሰገኑ ማለት ነው» ብለዋታል። አንድ ጊዜ ከአንድ የተከበረ ቤት ፓምፕ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ አውጥተዋል። የማን እንደሆነ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተናገሩም፤ ባለጥርሱ ዛሬ በመካከላችን ካሉ በሰላም ይቀመጡ።

በ1976 ከወይዘሪት ሮስቪታ ጋር በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ወይዘሮ ሮስቪታ በዝማሬ ጓድ ውስጥ የታወቀ ድምፅ የነበራቸው፣ ሳቃቸው ከመንገድ የሚሰማ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ በዚህም ሁለቱም አዝነዋል። በ1999 ወይዘሮ ሮስቪታ በካንሰር ሲያርፉ አቶ ኦይገን ቤታቸውን ዘግተው ወደ ተወለዱበት ቤት ተመለሱና በታች ቤት ከእናታቸው ጋር መኖር ጀመሩ። በላይ ቤት ባላቸው የሞቱባቸው እህታቸው ወይዘሮ ዲትሊንደ ይኖሩ ነበር። አቶ ኦይገን ለሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት የእቃ ማጠቢያ ማሽን በገዛ እጃቸው ተከሉ።

በመጋቢት 2003 እናታቸው ወይዘሮ ፓውሊነ አረፉ። ወይዘሮ ፓውሊነ ከእናታቸው የወረሱት፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ ሳህን ነበራቸው። ለገናና ለክርስትና ብቻ የሚወጣ ነው። እናት በለብታ ውኃ ያጥባሉ፣ ዲትሊንደ በለስላሳ ጨርቅ ያደርቃሉ፤ ያ ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አያውቅም። በቀብሩ ዕለት ለእንግዶች ወጣ። ወርቅ ጠርዝ ያለው ሳህን ማሽን ውስጥ እንደማይገባ በዚህ ደጋ እንደ አቶ ኦይገን ደጋግሞ የተናገረ ሰው የለም። ነገር ግን እህታቸው ስንት ሌሊት እናታቸው አልጋ አጠገብ ያደሩ ነበሩና ዓይናቸው አብጦ ቆመው ሲያዩአቸው አዘኑላቸው።

«ሂጂና ጋደም በዪ፣ ዲትሊንደ። ዛሬ በዚህ ቤት ማንም እጁን ውኃ ውስጥ አይነክርም» አሏቸው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሁሉ እንዳለ ደረደሩት፤ ለድስት የሚሆነውን ከሁሉ የሚሞቀውን አስተጣጠብ መርጠው ማሽኑን አስነሡ። ሐዘን ሰውን ሙያውን ያስረሳዋል። ሲከፍቱት ወርቁ በየቦታው ለቅቋል፣ የቀረውም እንደ እርሳስ ጠቁሯል።

ወይዘሮ ዲትሊንደ ወርደው አንዱን ሳህን አነሡና በመስኮቱ ብርሃን አዩት። «ለሰው ሁሉ ስትነግር ኖረህ ለእማዬ ጊዜ ረሳህ?» አሉ። አንዲት የይቅርታ ቃል በቂ ነበረች። አቶ ኦይገን ግን ያፈረ ሰው እንደሚሆነው ሆነው፣ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው «ሳህን እኮ ነው» አሉ። ወይዘሮ ዲትሊንደ ሳህኖቹን ሰብስበው ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድማቸውን አላናገሩም።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ዝምታው የገባው ወርቁ ከወጣ በኋላ ነው። ደረጃውን በየሳምንቱ በተራ ይጠርጉ ነበር። ተራ ማመልከቻዋን ሰሌዳ አንዱ ጠርጎ ሲጨርስ በሌላው በር እጀታ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል፤ ቃል የለም። እሑድ እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ተቀምጠው አንድ መዝሙር ይዘምራሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው ነው። አቶ ኦይገን «ሳህን እኮ ነው» ያሏትን ቃል መልሰው ሊውጧት ስንት ጊዜ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወጥተው እንደ ተመለሱ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለማሽኑ የሚሆን ጨው ሲገዙ ግን አንድ ፓኬት ከሰሌዳዋ ጋር ላይ ቤት በር ላይ ያንጠለጥላሉ። የመጀመሪያው ተመልሶ በራቸው ሥር ተቀመጠ። ሁለተኛው አልተመለሰም።

የቼሪ ፍሬ በሚለቀምበት አንድ ሰሞን የላይ ቤቱ ማሽን ውኃውን መድፋት አቃተው። አቶ ኦይገን ታች ሆነው ፓምፑ ሲያቃስት ሰሙና ምን እንደ ገባበት በድምፁ አወቁ። ወይዘሮ ዲትሊንደ ግን ከከተማ ሌላ ባለሙያ አስጠሩ። ሰውየው የካቻቪቴ ሣጥኑን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ አቶ ኦይገን በራቸውን ገርበብ አድርገው «የቼሪ ዘር ነው። ፓምፕ ቀይሪ እንዳትላት!» አሉና መልሰው ዘጉ። የቼሪ ዘር ነበር።

የእህታቸው ልጅ ሬጊነ ከከተማ ስትመጣ ምሳዋን እናቷ ዘንድ፣ እራቷን አጎቷ ዘንድ ትበላለች። አንድ ምሽት በልተው እንደ ጨረሱ በግድግዳው ውስጥ ውኃ ሲወርድ ተሰማና የአጎቷ ሲንክ ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ።

«አጎቴ፣ ይሄ ሲንክ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። የእናትሽ ማሽን ውኃውን እየደፋ ነው።»

«ታዲያ ያንተ ሲንክ ምን አገባው?»

«ጣሪያው ላይ የቧንቧው መተንፈሻ ውስጥ ቁራ ጎጆ ሠርቶበታል። አየር ከላይ ሲያጣ በኔ በኩል ይስባል።»

«የሰው ቤት ስታክም ውለህ የራስህን እንዲህ ትተወዋለህ? ነገ ሰው ልጥራ፤ ጎጆውን ማውረድ ነው እኮ።»

«ተዪው።»

«ይሸታል!»

«ይሽተት። እሱን ካስጠረግሁት እራቷን መብላቷን በምን አውቃለሁ?»

ሬጊነ ሰው ስለ መጥራት ዳግመኛ አላነሣችም። አቶ ኦይገንም ተነሥተው ሁለት ሳህንና አንድ ድስት ብቻ የያዘውን የራሳቸውን ማሽን አስነሡ። ማሽን ሳይሞላ ማስነሣት ብክነት ነው እያሉ ደጋውን ሁሉ ሲገሥጹ የኖሩ ሰው ናቸው። «የሷም ሲንክ ሳያጓራ አይቀርም» አሉ። እርግጠኛ ግን አልነበሩም፤ የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። እንዲህ ሆነው ወንድምና እህት ለዓመታት በየምሽቱ ከእራት በኋላ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ውኃ ሲደፉ ኖሩ። ይህ ሕይወት ብቸኝነት አልነበረም ማለት ውሸት ይሆናል። አቶ ኦይገን በጣም ብቻቸውን ነበሩ፤ ሮስቪታ ከሄዱ ወዲህ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነበር።

በ2022 መጸው ልባቸው ደከመ። ሆስፒታል ከርመው በኅዳር ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ምግብ እምቢ ብሏቸው ነበር። የሚታጠብ ነገር ባይኖርም ማሽኑን ባዶውን ማስነሣት አልተዉም። ውሎ አድሮ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ማእድ ቤት መድረስ አቃታቸው። ጠዋት ጠዋት አስታማሚ ትመጣለች፤ ማታ ማንም የለም። ታች ቤት ሁለት ምሽት ጸጥ አለ።

በማግሥቱ ከእራት በፊት በራቸው ተንኳኳ። ወይዘሮ ዲትሊንደ ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ ደፉ ላይ ቆመው ነበር።

«ማሽንህ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ለምን አይሰማም?»

ላይ ቤትም ሲያዳምጡ ኖረዋል ማለት ነው።

«የሚታጠብ የለኝማ» አሉ አቶ ኦይገን።

«የሚታጠብ የሚገኘው ከሚበላ ነው። ምን በልተሃል?» ወይዘሮ ዲትሊንደ መልስ ሳይጠብቁ ገብተው የማሽኑን በር ከፈቱና ፊታቸውን አዞሩ። «ወይ ጉድ! ደግሞ ይሄ ሰው የሰውን ማጣሪያ እያሸተተ ነበር የሚገሥጸው?»

«ወደ ግራ አዙረሽ አውጪው። በብሩሽ፣ ቀስ ብለሽ። ውኃ የሚረጨውን ክንፍም ቀዳዳውን አይተሽ ጥረጊው... በሚስማር አይደለም፣ በስቴኪኒ!»

«አትጩህብኝ። በስንት ዓመቴ ብወርድ ልትቆጣኝ ነው?»

«አልተቆጣሁም። ከጎማው ሥር ደግሞ ጥረጊ፤ ሻጋታ የሚተኛው እዚያ ነው።»

ወይዘሮ ዲትሊንደ ተንበርክከው ጎማውን ሲጠርጉ አቶ ኦይገን ከወንበራቸው ሆነው «ሳህን ብቻ አልነበረም፣ ዲትሊንደ» አሉ። ወይዘሮ ዲትሊንደ ራሳቸውን ከማሽኑ ውስጥ አላወጡም። «አውቃለሁ» አሉ ከዚያው ከውስጥ። «ጨው አለህ?»

«አለ። ሁለት ነው የገዛሁት፤ አንዱ ያንቺ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ዲትሊንደ ማታ ማታ ሾርባ ይዘው ይወርዱ ነበር። ስለ እናታቸው፣ ስለ ሮስቪታ፣ ስለዚያ ቦይ ውስጥ ስለገባው ጋሪም አወሩ፤ ማን እንደ ገፋው እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። የባከነውን ዘመን ግን የመለሰላቸው የለም። ወይዘሮ ዲትሊንደ አንድ ምሽት ድስቱን እንደ ያዙ «አንድ ደረጃ እኮ ነው፤ አንድ ደረጃ» እያሉ አልቅሰዋል።

አቶ ኦይገን ሾይፈለ በየካቲት 7 ቀን 2023 ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ በተወለዱበት ቤት እህታቸው አጠገባቸው እያሉ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በዚያው ምሽት ወይዘሮ ዲትሊንደ እንደ ልማዳቸው ማሽናቸውን አስነሡ። ታች ቤት ሲንኩ ሲያጓራ የሰማው ሰው አልነበረም።

ከሥጋ ዘመድ የተረፉት እህታቸው ወይዘሮ ዲትሊንደና የእህታቸው ልጅ ሬጊነ ብቻ ናቸው። በየማእድ ቤቱ ተንበርክከው ያገለገሏችሁ ሁሉ ግን ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ቆማችኋልና ምስጋናችን ይድረሳችሁ። እግዚአብሔር የአቶ ኦይገንን ነፍስ ሲጠሩ ወዲያው «አቤት» በሚባልበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም ጽናቱን ይስጥልን።

ከቀብሩ በኋላ በታች ቤት፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጣፋጭ ዳቦ በወይዘሮ ፓውሊነ ሳህኖች ይቀርባል። ሳህኖቹ ወርቃቸው እንደ ለቀቀ ነው። ማንም እንግዳ በእጁ እንዳያጥባቸው ወይዘሮ ዲትሊንደ አደራ ብለዋል፤ ሬጊነ ሁሉንም በአጎቷ ማሽን ደርድራ ታስነሣዋለች። በዚያን ሰዓት ወይዘሮ ዲትሊንደ ላይ ቤት፣ ሲንካቸው አጠገብ፣ ብቻቸውን መቀመጥ ይፈልጋሉ።