በምላጭ የተቆረጠው ጥቁር ክር

እኅታችን በተወለዱበት ዓመት ዝናብ አልዘነበም። ጉድጓዱ ደረቀ፤ ላሟ ሞተች፤ ከስድስት ልጆች አራቱ ተቀበሩ። አባታቸው ጫማ ሰፊ፣ እናታቸው ልብስ አጣቢ ነበሩ። ከዚያ ዓመት የተረፉት ልጆች እሳቸውና ይህን የጻፈው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ወንድማቸው ከአራተኛ አላለፈም፤ ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ወንድማቸው ግን የዘለሉት መስመር ያለ እየመሰለው ወረቀቱን ተቀብሎ ያገላብጥ ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ዘመቱ። ሥራቸው የስልክ ሽቦ መዘርጋትና መጠገን ነበር። ስልኩ ዝም ሲል ሽቦውን በእጃቸው እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ የተበጠሰበት ሲደርሱ ይቋጥራሉ። የቋጠሩት ስለማይፈታ ባልደረቦቻቸው «ቋጠሮ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ሆነው ወጡ። «ሳቂታ» የምትባለው ባልደረባቸው ቀደመች። ሽቦው አልተበጠሰም፤ በስለት ተቆርጦ ነበር። የቆረጡት ሰዎች ሊጠግን የሚመጣውን አድፍጠው ይጠብቁ ነበር። ሳቂታ አልተመለሰችም። እኅታችን ሁለት ቀን ቦይ ውስጥ በደረታቸው ተኝተው ተረፉ። ይህን ለቤተሰብ የነገሩት ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በአምስተኛው ዓመት ተመለሱ። በተመላሾች ምዝገባ ላይ ጸሐፊው ቀና ሳይል «ባልሽ የት ክፍል ነበር?» አላቸው።

«ባል የለኝም። የዘመትኩት እኔ ነኝ።»

«ወጥ ቤት ነው?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥለውለት ወጡ፤ ሁለተኛም አልተመለሱም። ሰፈሩም ከጸሐፊው አይሻልም ነበር። ወንድ ሲመለስ የት እንደተዋጋ ይጠየቃል፤ ሴት ስትመለስ ከማን ጋር እንደነበረች። ወንድማቸው በአፉ አልጠየቀም። በዓይኑ ጠይቋል።

በክር ፋብሪካ ተቀጥረው ሃያ ሁለት ዓመት የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ኖሩ። የፋብሪካውን መካኒክ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በወንድማቸው ግቢ ሁለት ክፍል ይዘው ተቀመጡ።

እኅታችን ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አይቀመጡም። በአንድ መንገድ ሁለት ቀን አይሄዱም። ውሃ የቀዳላቸውን ሰው አስቀድመው ያስቀምሱታል። ባላቸው ቀልደኛ ናቸውና «እኔ እኮ በዚህ ቤት ውሃ ብቻ ነው የጠገብኩት» ይሉ ነበር።

ከፋብሪካው ውዳቂ ጥቁር ክር አምጥተው ከአልጋቸው እግር እስከ ውጭው በር በግድግዳው ሥር ዘረጉ። ሲወጡም ሲገቡም በጣታቸው ይዳብሱታል። ደህና ሆኖ ካገኙት ይገባሉ፤ ይበላሉ፤ ይተኛሉ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። ወንድማቸው በመስኮት ያይ ነበር። ጎረቤት ያለችው ባለሱቅ «ጋሼ፣ ክር የሚዘረጋ ሰው ለቤቱ ደግ አይመኝም። ወገብዎን የያዘዎት በምን ይመስልዎታል?» አለችው። በዚያ ሰሞን በእርግጥ ወገቡን ያመው ነበር። አመናት።

አንድ ቅዳሜ ክሩ መሐሉ ላይ ተቆረጠ። እኅታችን ከሥራ በዘጠኝ ሰዓት ደረሱ፤ ዳበሱ፤ ቆሙ። አልገቡም። ከጓሮ ያለው ቦይ ውስጥ በደረታቸው ተኙ። ስድስት ዓመት የሞላት ልጃቸው ብትጠራቸው በእጃቸው «ዝቅ በይ» አሏት። ሁለት ቀን ዘነበባቸው። ሰፈሩ በአጥር ላይ ሆኖ ሳቀ። ባላቸው ጃንጥላ ይዘውላቸው ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጠው ሰነበቱ።

ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት የክሩን ጫፍ ነው። «ይሄ በስለት ነው» አሉ። በቤቱ የነበረው ምላጭ የባላቸው ብቻ ነው፤ ከመስታወቱ ሥር ይቀመጣል። አነሱት። አፉ ላይ የጥቁር ክር ብናኝ ነበረበት።

«በልጄ እምላለሁ፣ አልነካሁም!» አሉ መካኒኩ።

እኅታችን አላመኑም። ወንድማቸው እዚያው ቆሞ ነበር፤ ዝም አለ። መካኒኩ በዚያው ሳምንት የሥራ ሳጥናቸውን ተሸክመው ከግቢው ወጡ። ሃያ ሰባት ዓመት ሆነ። ልጃቸውን የሚያዩት ትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቁ ነበር። ሌላ አላገቡም።

ከስድስት ዓመት በፊት በጤና ጣቢያው የምትሠራ ነርስ እኅታችንን ከሌሎች ዘማች ሴቶች ጋር አገናኘቻቸው። ሰባት ነበሩ። ሰባቱም ወንበራቸውን ጎትተው ግድግዳ አስደግፈው በሩን እያዩ ተቀመጡ። ነርሷ ብቻዋን መሐል ቀረች። ያን ጊዜ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። ይህ ሕመም መሆኑን፣ ከጦርነት እንደሚመጣ፣ እብደትም መተትም እንዳልሆነ እዚያ ሰሙ። በዚያው ሳምንት የሳቂታን ነገር ቤት መጥተው ተናገሩ። ወንድማቸው ያን ቀን ክሩ ምን እንደነበረ ገባው። አሁንም ዝም አለ።

ዘንድሮ የፋብሪካው ብናኝ ያቆሰለው ሳንባቸው ጸናባቸው። ባለፈው ሰኞ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ «ጋሼ፣ ክሬን የቆረጠው ሰው በሕይወት አለ?» አሉት ወንድማቸውን።

«አለ።»

«እንግዲያ ለልጄ አባት ይንገረው። ለእኔስ ይቅር።»

ከዚያ ውሃ ጠየቁ። ወንድማቸው ቀዳላቸው። ቅመስልኝ ሳይሉት ጠጡ።

ሐሙስ ጠዋት በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ባልም ትተዋል፤ በወረቀት አልተፋቱም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በር መጠበቅ በማያስፈልግበት ቤት ያሳርፍልን።

ይህን የማነበው እኔ ታላቅ ወንድማቸው ነኝ። ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ምላጩን ከመስታወቱ ሥር አንስቼ፣ ሳልጠርገው መልሼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መካኒኩ ከሰዉ ኋላ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ይታዩኛል። እርስዎ ክሩን አልነኩም። ወደ ፊት ይምጡ። ቦታዎ ከልጅዎ አጠገብ ነው።