በበራሪዋ ልጅ እግር ሥር ስላስቀመጣችሁት እንባዬ

ለተከበሩ የፊልም ተቋሙ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ በርዎ ላይ ቆመው ሰው የሚመልሱት ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ተመስገን ደህና ነኝ። ጥፍሬን ራሴ እቆርጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፣ ዘንቢሌን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ያለ ደጋፊ እወጣለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ማንንም ሳላስቸግር በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ መስመሩ ቢንሻፈፍ ይታገሡት፤ ሐሳቡ ቀጥ ያለ ነው። በጋዜጣ እንዲወጣልኝ የለመንኩትም ነገሩ የደረሰብኝ በሰው ፊት ስለሆነ በሰው ፊት ይታረም ብዬ ነው።

በቅድሚያ ተቋምዎ ስላሠራውና ሕዝቡ «የበራሪዋ ልጅ ፊልም» ስለሚለው ሥራ ሳላመሰግን ባልፍ ባለጌ እባላለሁ። ላላዩት ባጭሩ፣ አንዲት ልጅ እናቷ ስትሞት ካባ ትወርሳለች፤ ካባውን ስትደርበው ትበራለች፤ እየበረረችም ከተማዋን ከጎርፍ ታድናለች። እኔም በፊልሙ ውስጥ አለሁ። ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ያለሁበት ቦታ ነው።

ጥሩው ጥሩ ነው። ሰማይ ለሰማይ የሚሄድ ጀግና በእኛ አፍ ሲቆጣ፣ በእኛ አፍ «ኧረ በእናትህ!» ሲል ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ድልድዩ ሲደረመስ በአንድ ትከሻዋ ደግፋ ይዛ፣ የአውቶቡሱን ሹፌር «አባቴ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ እኔ አለሁ» ያለች ጊዜ፣ ድልድይ ተሸክማ እንኳ «እርስዎ» ማለት የማትረሳ ልጅ ማን አሳደጋት ብዬ ኮራሁ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሕፃናት የሚሳቀው ቦታ ላይ ሳቁ፤ ሌላ ጊዜ ፊልሙ በባዕድ አፍ ስለሆነ ትልልቆቹ ሲስቁ አይተው ነበር የሚስቁት። ለዚህ እጅ እነሣለሁ፤ ከልቤ ነው።

ቅሬታዬን ደግሞ እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባህላችንን ለዓለም ለማሳየት ብላችሁ ሰዉን ሁሉ ክት ልብስ ስላለበሳችሁት እናመሰግናለን። ግንበኛው በክቱ ጭቃ ሲያቦካ፣ ቧንቧ ሠራተኛው በክቱ ቦይ ውስጥ ሲገባ አይተናል። እኔም ከቤቴ ለብሼው የሄድኩትን ጃኬት «ይሄ ባህል አይደለም» ተብዬ አውልቄያለሁ። ያንን ጃኬት ሥራ ስሄድ ለብሼዋለሁ፣ ልጄን ስድር ለብሼዋለሁ፤ ባህል ካልሆነ ምን እንደነበረ እስካሁን የነገረኝ የለም።

፪. ሽማግሌዎቹን ሁሉ አዋቂ ስላደረጋችኋቸው እናመሰግናለን። አንዳቸውም አይቀልዱም፣ አንዳቸውም አይሳሳቱም፣ አንዳቸውም መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ቤቱን አያምሱም። አፋቸውን ሲከፍቱ ማስታወቂያ የሚነበብ ይመስላል። በፊልሙ ሙሉ ከልቡ የሚስቀው ክፉው ሰውዬ ብቻ ስለሆነ፣ ሕዝቡ እሱን ወዶ ነው ከአዳራሹ የወጣው።

ሦስተኛውን ጽፌ ቀድጄ፣ ጽፌ ቀድጄ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ስለዚህ ቁጥሩን እተወዋለሁ።

ባለቤቴ ካለፈች ዓመት አልፏታል። የልጅቱ እናት ስትሞት በተቀረጸበት ዕለት እኔ የጎረቤት ሽማግሌ ሆኜ አልጋው አጠገብ እንድንበረከክ ተነገረኝ። ንግግር የለኝም፤ መንበርከክ ብቻ። ክፍሉ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ የውሸት ክፍል ነው፤ መስኮት አለው፣ ከመስኮቱ ወዲያ ግን መብራትና ሽቦ ነው። አልጋው ላይ የተኛችው ተዋናይ አንድ እግሯ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ነበር። ባለቤቴ ታማ በተኛች ጊዜ ብርድ ልብስ ትገፋ ነበር፤ እኔ እሸፍናለሁ፣ እሷ ትገፋለች፤ «አንተ ሰውዬ፣ እግሬን ተወው፣ ይተንፍስበት» ትለኝ ነበር። እጄ ሳላዘው ሄዶ የተዋናይዋን እግር ሸፈነ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ፊልሙን ያየ ሁሉ አይቶታል። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ ንፍጤ ሳይቀር።

ቀረጻው ቁም ሲባል ሰው አጨበጨበ። ቀረጻ ሲጀመር ካሜራው ፊት ሰሌዳ የምታጋጨው ልጅ ብቻ አላጨበጨበችም። አጠገቤ በርከክ ብላ «አባባ፣ ደህና ነዎት? ከፈለጉ ይሄኛውን እንዲተዉት ልንገራቸው» አለችኝ። የማፍረው እዚህ ላይ ነው ክቡር ሆይ። «ምን ሆኜ? ትወና ነው እንጂ! እኔ ስፈልግ አለቅሳለሁ፣ ሳልፈልግ እተዋለሁ» ብዬ ጮኽኩባት። «ይቅርታ አባባ» ብላ ተነሣች። ጭብጨባውን ተቀበልኩ። እሱም አልበቃኝ ብሎ ፀጉር አስተካካዬ ዘንድ ሄጄ፣ እንባ በትእዛዝ የማፈስ ሰው መሆኔን ወረፋ ለያዘው ሁሉ አወራሁ።

እናንተም አመናችሁኝ። ለምን አታምኑኝ? ትወና ከሆነ ዕቃ ነው፤ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ መደርደሪያ አንስቶ ሌላው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አልጋውን ቆረጣችሁ፣ እግሩን ቆረጣችሁ፣ ፊቴን ብቻ አነሣችሁና ልጅቱ ካባዋን ደርባ መጀመሪያ ወደ ሰማይ ስትወጣ ከሥሯ ለጠፋችሁት። አሁን እኔ ለአንዲት የምትበር ልጅ ካባ ተንበርክኬ በደስታ የማለቅስ ሽማግሌ ነኝ። ከበስተኋላዬም ዘማሪዎች አሉ።

ፊልሙ በተመረቀ ዕለት ልጄን ጎትቼ ወሰድኳት። እንዳላመልጣት ጎኗን እየነካካሁ «አሁን እመጣለሁ፣ አሁን» እላት ነበር። መጣሁ። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ተከትያት ደጅ ስደርስ «አባዬ፣ እማዬን ስንቀብር እኮ ዓይንህ ደረቅ ነበር። እኔን እንኳ መጥተህ አላቀፍከኝም፤ ወንበር ስታስደረድር ነው የዋልከው። እንባህን ለዚች በራሪ ነው ያስቀመጥከው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ወንበር ሳስደረድር ነው የዋልኩት። ግን አሁንም አፌ ቀደመኝና «ትወና እኮ ነው» አልኳት። «ጭራሽ! እሱን ከቻልክማ ለእሷም ትተውንላት ነበር» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ትደውላለች። «መድኃኒትህን ዋጥክ?» ትላለች። «ዋጥኩ» እላለሁ። ስልኩ ይዘጋል። ፀጉር አስተካካዩ በበኩሉ ገና ወንበሩ ላይ ሳልደላደል «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ አልቅሱልንና እንጀምር» ይላል፤ እሱን እንኳ እችለዋለሁ።

አሁን ደግሞ ፊልሙ በየትምህርት ቤቱ ሊዞር መሆኑን፣ ምክንያቱም «ትውልዱ ባህሉን እንዲያውቅ» መሆኑን ሲናገሩ በሬዲዮ ሰማሁ። የልጄ ልጅ የምትማርበትም መድረሱ አይቀርም። ወንድ አያቷ ለሴት አያቷ ያላፈሰሰውን ለጨርቅ ያፈሰሰ ሰው መሆኑን፣ ያውም ባህል ነው ተብላ፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ እንድታይ አልፈልግም። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ እንባውን አልጋው አጠገብ መልሱት። ለፊልማችሁም ይበጀዋል፤ እናትየዋ አሁን ባለችበት ሁኔታ አንድ ሰው እንኳ ሳያለቅስላት፣ በመስኮቱ ብርሃን ሲገባ ነው የምትሞተው። መመለስ ካልሆነላችሁ አውጡት። ትወና ነው ብዬ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ትወና አልነበረም። ይኸው በጋዜጣ አልኩት።

የቀረውን ዕዳ እናንተ ላይ አልጥልም፤ ራሴ እከፍለዋለሁ። ሰሌዳ የምታጋጨዋን ልጅ አፈላልጌ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ በደግ ጠይቃኝ ነው በክፉ የመለስኩላት። አልጋው ላይ የተኛችውን ተዋናይ፣ ያን ሁሉ ሳለቅስባት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እግሯን ሳትሰበስብ ስለተኛችልኝ አመሰግናታለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሄጄ፣ በትእዛዝ ማልቀስ እንደማልችል እናገራለሁ። ልጄ ዘንድ ሳልደውል እሄዳለሁ። በቀብሩ ቀን ለምን እንዳላለቀስኩ ትጠይቀኛለች። አላውቀውም። አላውቀውም ብዬ እነግራታለሁ፤ ቀጥዬም የእናቷን እግር ነገር፣ ብርድ ልብሱን ስንጓተት እንዴት እንደነበርን፣ እሷ የማታውቀውን፣ እነግራታለሁ።

ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ለቅሶዎንም ማንም ከቦታው እንዳያነሣብዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከእሱ በማያንስ ኀፍረት፣

በፊልማችሁ መጨረሻ «ሽማግሌ ቁጥር አራት» ተብዬ የተጻፍኩት

ከፊርማ በኋላ የታሰበኝ፦ በምርጥ ረዳት ተዋናይነት መታጨቴን የሚገልጸው የጥሪ ካርድዎ ደርሶኛል፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ እናመሰግናለን። ዋንጫውን ግን ፊልሙን ቆርጦ ለቀጠለው ባለሙያ ይስጡልኝ። መብረርማ ገመድ ያለው ሁሉ ይበራል፤ ከምትሞት ሴት አልጋ አጠገብ የሚያለቅስላትን አንስቶ ለምትበር ሴት ማጀቢያ ማድረግ ነው ጉልበት ማለት።