ሁለተኛዋ ጉርሻ

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017፣ ዲላ

የመልስ ቀሚሴ ገባኝ! ዚፑም ተዘጋ! ጨጓራዬን በኦፕራሲዮን ካስቀነስኩ ገና ስምንት ወሬ ነው።

ለብሼው ወናጎ ታናሽ እህቴ ቤት ምሳ ሄድኩ፤ ዘመዶቻችንም ተሰብስበው ነበር። እሷ እቴ ክትፎውን በቆጮ ሦስቴ አስጨምራ በላች፤ አሁንም ግን ቀጭን ናት! ቅናት አንገበገበኝ። እኔ ከአራት ማንኪያ ካለፍኩ ያስመልሰኛል። አጎረሰችኝ፤ በደንብ አላምጬ ዋጥኩ፤ በቃኝ።

«እትዬ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገሚ!» ብላ ሁለተኛዋን አፌ ላይ ደቀነችብኝ። የቅቤው ሽታ! አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝ። እጇን ያዝኩና ወደ ራሷ አፍ መለስኩት።

«አንቺው ብዪው፣ ሆዳም!»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን ይኸው እስካሁን ስታላምጥ ይታየኛል። ብቻ ለቀሚሱ ደስታ ቅዳሜ ሁላችሁም እኔ ቤት ትመጣላችሁ፣ የሚቀር የለም፣ አጉራሿም እኔ ነኝ አልኳቸው።