ወገዳ ውስጥ የታመመ የለም

ሰኞ

ዛሬም የታመመ ሽማግሌ አላገኘንም። ከጎንደር እስከ ወገዳ ወገባችን እስኪቆረጥ በበቅሎ የመጣነው የማገዶ ጭስ በእርጅና ላይ ሲጨመር ደረትን ምን እንደሚያደርግ ልናጠና ነው። በወረዳው ገዥ ቢሮ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጬ «የሚያምዎት ነገር አለ?» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ጤነኛ ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ደጅ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ያስላሉ፣ ያስላሉ።

ሐኪማችን የጻፍሁትን አይቶ «ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ መጣን?» አለኝ። እኔን መቆጣቱ! ነርስ ነኝ እንጂ በሽታ አልፈጥርለት።

ማክሰኞ

ያረፍሁት እመት ዘነቡ ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አረቄ እያወጡ ነው የሚኖሩት። እሳቱ ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም፤ ማድቤቱ መስኮት የለውም። እኔ ገብቼ ዓይኔን እያሸሁ እወጣለሁ፣ እሳቸው ዕድሜያቸውን እዚያ ጨረሱት።

ዛሬ እንስራ ሊያነሱ ሲሉ ትንፋሽ አጠራቸውና ምሰሶውን ይዘው ቆሙ። ከንፈራቸው ጠቆረ። ደረታቸው ሲያፏጭ ከበሩ ይሰማል።

«አሞዎታል፣ እመት» አልኋቸው።

«ወግጅ! ምን አሞኝ? እርጅና ነው እንጂ። የታመመ ሰውማ ይተኛል። እኔ ቆሜ እሄድ የለም?»

ለካ ነገሩ ይህ ነው። እርጅና በሽታ አይደለም። ቆመው እየሄዱ አመመኝ ማለት ደግሞ ፈጣሪን ማማረር ነው። እኔ ሞኟ የምስጋናውን ቃል ጤና ብዬ ስጽፍ ከረምሁ።

ረቡዕ

አጠያየቄን ለወጥሁ። «ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሲሄዱ የት የት ያርፋሉ?» ማለት ጀመርሁ። አቤት የተናገሩት! አንድ ሽማግሌ ቄስ ወይራው ሥር፣ ከዚያ ድንጋዩ ላይ፣ ከዚያ ደጀ ሰላሙ ጋ እንደሚያርፉ ነገሩኝ። «ማኅሌት መቆም ከተውሁ ቆየሁ፤ ድምፁስ ከየት ይመጣል?» ብለው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሐኪሙ «ጎበዝ» አለኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስታዬ አስጠላኝ፤ ያገኘሁት እኮ በሽተኛ ነው።

ቤት ስመለስ እመትንም ጠየቅኋቸው። «እኔማ መሄዱን ትቻለሁ ልጄ። ከደጄ ሆኜ ወደዚያው ዞሬ እሳለማለሁ» አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከደጃቸው ይታያል።

ሐሙስ

ሐኪሙ የእመትን ደረት አዳመጠና ወደ ውጭ ጠራኝ። ሳንባቸው ተጎድቷል፤ ልባቸውም ደክሟል። እሳቱን ይተዉ፣ በቃሬዛ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይሂዱ አለ። ነገርኋቸው።

«እሳቱን ትቼ ምን ልብላ? በቃሬዛስ ጠላቴ ይሂድ!»

ጮኽሁባቸው። እናቴ ላይ እንኳ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ከሰዓት በኋላ እኔና ሐኪሙ የማድቤቱን ጭቃ አፍርሰን መስኮት ከፈትን። ጭሱ ሲወጣ አየሁት። እመት «ሌባ ልታስገቡብኝ ነው» ብለው ተቆጡ፤ ግን አላስደፈኑትም። ሌሊቱን ዝናብ የሚጥል ይመስላል። በእስቴ በኩል ያለው ወንዝ ከሞላ የደብረ ታቦር መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

ዓርብ

ጠዋት ማድቤቱ ቀዝቅዟል። እሳት አልነደደም። እመት ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እግራቸው አብጧል። በልማድ፣ ሳላስበው «እንዴት አደሩ?» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። ትንፋሽ እስኪሰበስቡ ጠበቅሁ።

«አሞኛል ልጄ» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ያን ቃል ስፈልግ ሰንብቼ አሁን ስሰማው አጠገባቸው ቁጭ አልሁ። ከእንግዲህ መቆም እንደማይችሉ ራሳቸው አውቀውታል። «ደብረ ታቦር ውሰዱኝ» አሉ፤ አልተከራከሩም። አለመከራከራቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

ዝናቡ ሲጥል አድሮ አሁን አባርቷል። ጎረቤቶቹ ደጅ ቃሬዛ እያሰሩ ነው። ወንዙን ሊያይ የሄደው ሰው ገና አልተመለሰም። አብሬያቸው እሄዳለሁ። በመንገድ እንዴት ነዎት ማለቴ አይቀርም። ምነው «እግዚአብሔር ይመስገን» ባሉኝ።