ልጅቷ ሻንጣውን ከፈተችው ወይ?

ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ የወላጆች ኮሚቴ ያገደውን መጽሐፍ ልጄ አንብባ እንድትጨርስ እንዲፈቀድላት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ፀጉር በማስተካከል የምተዳደር፣ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ልጄን ለብቻዬ የማሳድግ አባት ነኝ። የሥራ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. ባለቤቴ ባለፈው ክረምት አርፋለች። ልጄ ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም፤ ስለ እናቷም ቃል ወጥቷት አያውቅም። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ይህን አስተውለው፣ እናቷ ስለሞተችባት ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ አዋሷት። እራት ስሠራ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር። ደግነቱ ሽንኩርት ስለምከትፍ እንባህ ከምን መጣ የሚለኝ አልነበረም።

2. ንባቡ፣ በመጽሐፉ ያለችው ልጅ የእናቷ ልብስ ያለበትን ሻንጣ ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ ላይ ደረሰ። በማግስቱ የወላጆች ኮሚቴ «ልጆችን ያሳዝናል» ብሎ ስላገደው መጽሐፉ ከልጄ ቦርሳ ተወሰደ። አሁን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ልለምን በሄድኩ ቁጥር የመጽሐፉን ጀርባ በመስታወቱ አይቼ እመለሳለሁ።

3. ወላጅ ልጁ የሚያነበውን መቆጣጠሩን አልቃወምም። እኔም ወላጅ ነኝ፤ ቢቻለኝ ከዚህ የባሰውን ባገድኩላት ነበር። ነገር ግን ሐዘኑ ከመጽሐፉ ቀድሞ ቤታችን ገብቷል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ደንበኛዬ ናቸው፤ ምላጭ አንገታቸው ላይ ይዤ ብለምናቸው እንኳ ሳይደነግጡ «ደንብ ነው ወንድሜ፣ ጢሜን ጨርስልኝ» አሉኝ። ጨረስኩላቸው።

4. ተቃውሞ የሚታየው በፎርም ነው ተብዬ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ፎርሙ የአባትና የእናት ፊርማ ይጠይቃል። እናትየው በሕይወት የለችም ብል ማስረጃ አምጣ ተባልኩ፤ አመጣሁ። የመስኮቷ ጸሐፊ ማስረጃውን ስታነብ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሆኖም «ሁለቱም ካልተፈረመ መዝገብ ቤት አይቀበለኝም» ብላ መለሰችልኝ። እሷስ ምን ታድርግ? ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖብኝ ነው እርስዎ ደጅ የመጣሁት።

ክቡር ሆይ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር «አባዬ፣ ከፈተችው ወይ?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ጨንቆኝ አዎ፣ ከፍታዋለች አልኳት። ምን አገኘች ስትለኝ ግን ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። የባለቤቴ ሻንጣ አልጋዬ ሥር ነው፤ እስከ ዛሬ እኔም አልደፈርኩትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ያችኑ ጥያቄም ትታለች። ዝምታዋን ፈርቼዋለሁ።

ስለዚህ መጽሐፉ ለሁሉም ይመለስ አልልም። ቁም ሣጥኑ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ተከፍቶ፣ እዚያው ቢሮ አጠገቧ ተቀምጬ፣ የቀረውን ታነብልኝ ዘንድ እንዲፈቀድልን እለምናለሁ። ደንቡ እንዳይጓደል የፊርማውን ቦታ በፎርሙ አምሳል ከዚህ በታች አድርጌዋለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

የአባት ፊርማ፦ ተፈርሟል

የእናት ፊርማ፦ ይህ ቦታ የሚሞላ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉንም ባልፈለግነው።