ያ አረር የኛ አልነበረም

አባኮ፣ አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ትሠራበት የነበረው ዳስ አንድ ጎኑ ወድቆ ነበር፤ በአዲስ ሣር አስከደንኩት። እማዬ ጉልበቷን እያመማት ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በምርኩዝ ነው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ተናድጃለሁ። የምጽፍልህም ስለተናደድኩ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ዓይንህን ሞራ ጋርዶት እንደነበር ከቤታችን ሰው በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ከጊዳ አያናና ከኪራሙ የሚመጡት ገበሬዎች ማሳቸውን ከከርከሮ የሚጠብቁበትን ውጅግራ ጠመንጃ ተሸክመው በራችን ላይ ሲቀመጡ፣ አረሩን የምታወጣላቸው አንተ ነበር የምትመስላቸው። እርሳሱን የማቀልጠውና የአረሩ ቅርጽ በተፈለፈለበት መቅረጫ ውስጥ የማፈሰው ግን እኔ ነበርኩ። አንተ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ በጣትህ ትሠራ ነበር። የወጣውን አረር መዳፍህ ላይ ሳስቀምጥልህ በአውራ ጣትህ ታሸዋለህ። «ተጨማዷል፤ መቅረጫው ገና አልሞቀም፤ መልሺው» ትለኛለህ። ላዩ አመድ እንደነካው ከሻከረህ «አሁን ደግሞ አጋልሽው፤ ትንሽ ይረፍ» ትላለህ። ከቀለለህ «መሃል ላይ እጅሽን አቁመሻል፤ ሆዱ ባዶ ነው» ትላለህ። እርጥብ ጭልፋ ወደ ድስቱ ያስጠጋሁ ቀን ብቻ ነው የጮኽክብኝ። አንድ ጠብታ ውኃ የፈላውን እርሳስ ፊቴ ላይ እንደሚረጨው ያኔ ነው ያወቅኩት።

የአገሩ ሹም ቀኛዝማቹ ወደ አንገር ቆላ ጎሽ ለማደን ሲወርዱ አረር ያስወጡት ከኛ ነበር። ተኮሱ፤ አረሩ የሚገባውን ያህል አልገባም። የቆሰለው ጎሽ ዞሮ ጋሻ ጃግሬያቸውን ወግቶ ገደለው። ቀኛዝማቹ እንደተመለሱ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ሳይተኮስ የተረፈ፣ ቁመቱን ለሁለት የተቆረጠ አረር አምጥተው «የዚህ ሰው እርሳስ ሰው አስገደለብኝ!» አሉ። ግማሹን እጅህ ላይ አስቀመጡልህ።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ስታሸው አየሁህ። ተጨማዷል፣ ሆዱም ባዶ ነው፤ ጣትህ ያገኘው ይህን ነበር። ፊትህ ሲለወጥ የእኔ ጥፋት መስሎህ እንደሆነ ገባኝ። እኔም የእኔ መሰለኝ። አንተ ግን «ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አልክ። ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ እሳት እንዳታነድድ ከለከሉህ። በዚያ ዕድሜህ ድንጋይ ተሸክመህ ቀኛዝማቹ እግር ላይ ወደቅክ። ከተማው ሁሉ ቆሞ አየህ።

ቤት ስንገባ ብትወቅሰኝ ምናለበት? አንድም ቀን አልወቀስከኝም። እኔም ለመናገር ፈራሁ። እንዲህ ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን ከርመን፣ ሌላ ክረምት ሳይመጣ ሞትክ።

አባዬ፣ አሁን የምነግርህን ስማ።

ልብስህን ለነዳያን ልንሰጥ ስናወጣ ከኮትህ ኪስ ያ ግማሽ አረር ወጣ። ፀሐይ ላይ ይዤ አየሁት። ገና ከአደኑ በፊት፣ መቅረጫውን አንድ ቀን በምስማር ስጠርግ ጭሬው ነበር፤ እንዳትቆጣኝ ብዬ አልነገርኩህም። ከዚያ ወዲህ ከኛ መቅረጫ የሚወጣ አረር ሁሉ ወገቡን የሚዞር፣ ፀጉር የምታህል መስመር አለው። ጣት አያገኘውም፤ ዓይን ግን ያየዋል። በዚያ አረር ላይ መስመሩ የለም። ደጋግሜ አየሁ፤ የለም!

እማዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ጊዳ አያና ወረድኩ። የቀኛዝማቹን ስንቅና ጥይት ይይዝ የነበረውን ቶለሳን እርሻው ላይ አገኘሁት። አረሩን ሳሳየው እርፉን ለቀቀ። እሱ እንደነገረኝ፣ አንገርን ሲሻገሩ የአረሩ ከረጢት ወንዝ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ከሰፈሩ በኋላ ቶለሳ ራሱ እርሳስ በጣሳ አቅልጦ፣ ጭቃ በእንጨት ወግቶ ቅርጽ አበጅቶ፣ ጭቃው ሳይደርቅ አፈሰሰበት። «ቀኛዝማች ያውቃሉ?» አልኩት። «ዋቃ፣ እግዜር፣ ምስክሬ ነው፤ ያፈሰስኩት ፊታቸው ቆሜ ነው» አለኝ።

ቀኛዝማቹ ያውቅ ነበር! ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም፤ አፌ እምቢ አለኝ። ድንጋይ ተሸክመህ እግሩ ላይ ስትወድቅ እያወቀ ቁልቁል ይመለከትህ ነበር።

ቶለሳን ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ አልቆምኩም። ቶለሳ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ቀኛዝማቹ አልካደም፤ ቢክድ ይሻለኝ ነበር። «ሰውየው ሞቷል፤ አሁን ምን ያደርግለታል?» ብሎ በበቅሎው ሄደ። ከሽማግሌዎቹ ኦቦ ነገራ ብቻ ተነሥተው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የፈረድነው እኛ ነን፤ ተሳስተናል» አሉኝ። በማግሥቱም ገበያ መሃል ቆመው በኦሮምኛም በአማርኛም የዘነበች አባት ንጹሕ ነበር ብለው ለፈፉ።

አሁን እሳቱን የማነድደው እኔ ነኝ። ገበሬዎቹም በእኔ ስም ይመጣሉ።

በአንተም ግን ተናድጃለሁ። «አንቺ ነሽ ወይ?» ብለህ ብትጠይቀኝ ያን ግማሽ አረር ተቀብዬህ አየው ነበር። በአንድ ጥያቄ ነፃ ትወጣ ነበር። ልጄን ልሸፍናት ብለህ የሰው ነውር ተሸክመህ ሄድክ። ይህን ሳስብ ቁጣዬ ወደ እንባ ይለወጥና መጻፍ ያቅተኛል።

እማዬ ይቅር በይው ትለኛለች። ማንን? ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

ቃል የምገባልህ ይህን ነው። በዓመትህ ቀን ጸሎትህ አይታጎልም። ከዚያ ውጭ ግን ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ያንን ሸንጎ የሚያነሣ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እውነቱን እስከ መጨረሻው ሳልነግረውም አልለቀውም።

ልጅህ ዘነበች
ነቀምቴ