ከአንገትሽ የወረደው ድሪ

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሱቁስ፣ የሠርጉ ሽር ጉድስ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ጌዶ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ እጇ አልቦዘነም።

የላክሽው ቶሌራ መልእክትሽን አድርሷል። ድሪውንና አምባሩን እንደ ወትሮው ለሱቁ ይላኩልኝ፣ ከየት እንደመጣ ግን ለማንም አይነገር ብለሻል አሉ። መልሱን በእሱ ልልክልሽ ነበር። ግራ ተጋብቶ ስለሄደ ልጻፍልሽ አልኩ።

አምቦ ባዛሩ ላይ እንደምንገኝ አለማወቅሽን አምናለሁ። እማዬ ከጌዶ ገበያ ወጥታ ሸጣ አታውቅም። የሴቶች ማኅበሩ የጌጣጌጥ ባዛር አለ ብሎ ስሟን ሲያስመዘግብላት እንደ ልጅ ፈነደቀች። አባዬ ከሞተ ወዲህ በመዶሻው ብቻዋን የሠራችውን ሁሉ በጥጥ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ባዛር ግን እንደ ገበያ አይደለም። ሰው ይመጣል፣ ያጠልቃል፣ በመስታወት ያያል፣ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ አውልቆ ይሄዳል። ከጎናችን የነበረችው ጣቢታ ብር የመሰለ የፋብሪካ ዕቃ እየቸበቸበች እማዬን፣ "አደ ጉዴ፣ እውነተኛ ብር እዚህ ማን ይለያል? ብር የሚያውቁት ነጋዴዎች የሚመጡት በመጨረሻው ቀን ነው። ሻጩ እስኪታክተው ጠብቀው ዋጋ ይሰብራሉ" አለቻት።

እውነቷን ነው። በመጨረሻው ቀን አንቺ መጣሽ፤ አማትሽ የምትሆነውን ሴትዮ ክንዷን ይዘሽ።

እማዬ ገና ከሩቅ ስታይሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ልትስምሽ ብድግ ስትል፣ "እማማ፣ ይሄ ድሪ ስንት ነው?" አልሻት። መንገድ ላይ ላገኘሻት አሮጊት እንደሚባለው፣ እማማ! አፌን ልከፍት ስል እማዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ዋጋውን ነገረችሽ። ቀንሱልን አልሽ፤ ቀነሰችልሽ። እንደገና አስቀነስሻት። ይሄኔ ሴትዮዋ እንባ አቅርራ፣ "ይቺ ልጄ እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት ነው። እባክዎ እንደ እናት ሆነው ያጥልቁላትና ይመርቁልኝ" አለች።

ለካ ገድለሻት ኖሯል።

እማዬ አጠለቀችልሽ። "ሆሪ ቡሊ። ውለጂ፣ ክበሪ። የወለድሽው አይካድሽ" አለች። አንቺም አሜን አልሽ።

ይሄ ሁሉ ይቅር በተባለ። ሴትዮዋ ግን ሥራው ደንቋት ከማን እንደምናመጣው ጠየቀች። እማዬ ውሸት አታውቅበትም፤ "እኔው ነኝ የምሠራው። ባሌም ቀጥቃጭ ነበር" አለቻት። ሴትዮዋ እባብ እንደረገጠ ሰው ወደ ኋላ ተስፈነጠረች። "በስመ አብ! አውልቂው ልጄ፣ የቡዳ እጅ ነክቶሻል!" አለችሽ። ባዛሩ ሁሉ ዞሮ አየን።

አወለቅሽው። እሱንም ቢሆን ፈርታ ነው እንል ነበር። አንቺ ግን ከቦርሳሽ ሶፍት አውጥተሽ አንገትሽን ጠረግሽ። የእማዬ ጣቶች ያረፉበትን፣ እሷው እያየችሽ፣ ቀስ ብለሽ ጠረግሽ። ሶፍቱንም ጠረጴዛችን ላይ ጥለሽ ሄድሽ።

በሚኒባስ ወደ ጌዶ ተመለስን። ደጃችን ስንደርስ እማዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። ጎረቤታችን ኡርጌ ምን ሆናችሁ ብላ እየሮጠች መጣች። እማዬም፣ ታላቋ ልጄ ሞተች አለቻት። ሬሳዋስ ሲሏት ዐረብ አገር እንደቀበሩሽ ነገረቻቸው። ከሄድሽ ወዲህ እግርሽ ጌዶን ስላልረገጠ ሁሉም አመነ። ውሸት የማታውቀዋን ሴት ውሸት አስተማርሻት። እድሩ ድንኳን ተከለ። በጆሮዋ፣ "እማዬ፣ ምን ማድረግሽ ነው?" ብላት፣ "ከሁለታችን አንዳችን መሞታችን ላይቀር፣ እኔ ገና ያልጨረስኩት ሥራ አለኝ" አለችኝ።

ቶሌራ የደረሰው ድንኳኑ ሳይነሳ ነው። ትእዛዝሽን ሲነግራት፣ ሙት ዕቃ አያዝም አለችውና ንፍሮ አቀረበችለት። ምን ያድርግ፣ ቁጭ ብሎ በላ።

አንድ ነገር ግን እወቂ። ለቅሶው የውሸት አልነበረም። ደረቷን እየደቃች፣ ስታጠባሽ ትጠራሽ በነበረው ስም እየጠራች ስታለቅስ፣ ሴቶቹ እጇን መያዝ አቅቷቸው ነበር። እኔም አልቅሻለሁ።

እንግዲህ ሠርግሽ ይመር። ወደ ጌዶ እንዳትመጪ፤ አልቅሶ የሸኘሽ ሰው ይደነግጣል። ስልክም አትደውይ፤ እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ ላነሳው እችላለሁ። አርባሽ ሲደርስ በቤተ ክርስቲያን ስምሽን እናስጠራለን።

እግዚአብሔር ነፍስሽን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን።

እህትሽ የነበርኩት